የቀትር እረፍት ኃይል፦ በዋግ ተራሮች የሚጓዝ ሰው ስልኩን በምን ያበራል?



በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ነሐሴ 13 ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ አናት ላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የተተከለ ዱላ በዚያች ሰዓት ጥላ አይጥልም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፍ የሚጮኽበት፣ ሰማዩ ግን ብዙውን ጊዜ በደመና የሚሸፈንበት ቀን። በሌሎቹ ወራት ፀሐይ ወደ አንዱ ጎን ታዘነብላለች። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ከአናት ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ 36 ዲግሪ ያህል ትሸሻለች። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ12 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ስለምትገኝ እንዲህ ይሆናል።

ከሰቆጣ ተነስቶ በዝቋላ ወረዳ ቆላ ወደ ጽጽቃ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ የሚወርድ፣ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ስልኩን በኪሱ የያዘ የእግር መንገደኛ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ታጣፊ ሶላር ፓነሉን ወዴት አዙሮ እንደሚዘረጋ የሚወስንለት ይኸው የፀሐይ አቅጣጫ ነው። የዛሬው ዲስኩር ስለዚህ መንገደኛ ነው፤ ስለሚይዛቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች፣ ስለሚፈልጉት ኃይል፣ ያንንም ኃይል ከዋግ ፀሐይ እንዴት እንደሚያገኝ።

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ሀገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ መርጠው ነበር። ያኔ ፀሐይዋ ለጎብኚው የአየር ጠባይ ምቾት ነበረች። ዛሬ ያችው ፀሐይ በዋት ሰዓት ትለካለች። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል አንድ ካሬ ሜትር መሬት በአማካይ በቀን ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። በየጣሪያው ፓነል የተከለችው ጀርመን የምታገኘው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

በዋግ ኽምራ በእግር መጓዝ ከቱሪስት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይደርስባት የነበረች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። የልደት በዓል ሲቃረብ የዋግ ምዕመናን ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ላሊበላ በእግራቸው ይጓዛሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከቤት ወደ ቤት፣ ከጎጥ ወደ ጎጥ የምትሄደው በእግሯ ነው። የግብርና ባለሙያውም እንዲሁ። ሐምሌ 2007 ይፋ የሆነውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የታቀደው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ስሙን የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው። በየቀበሌው ሥራ የሚሆነውም ዳገት በሚወጡና ቁልቁለት በሚወርዱ ሰዎች እግር ነው።

የተለወጠው መንገደኛው የሚይዘው ዕቃ ነው። ድሮ ከዕቃው ሁሉ ኃይል የሚፈልገው የእጅ ባትሪውና ሬዲዮው ነበር፤ ለሁለቱም ከሱቅ የባትሪ ድንጋይ ይገዛላቸዋል። ዛሬ ስልኩ ካርታ ነው፣ ካሜራ ነው፣ መብራት ነው፤ ቴሌብር ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ደግሞ ኪስም ሆኗል። በእግር ተጉዞ ማደሪያው የደረሰ ሰው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋበት ለራቱ የሚከፍለውን ገንዘብ ጭምር ሊያጣ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤተሰቡን የሚመዘግቡበት አሠራርም በብዙ ቦታ ከወረቀት ወደ ታብሌት እየተሸጋገረ ነው። መንግሥት ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ያህል ታብሌት ሲገዛ አብሮ ፓወር ባንክ በብዛት መግዛት ግድ ሆኖበት ነበር። ቆጣሪው የሚሄድበት ገጠር አብዛኛው ሶኬት እንደሌለው ይታወቃልና። ቆጠራው በተደጋጋሚ ቢራዘምም ዝግጅቱ ራሱ የሀገሪቱን እውነት ያሳያል፤ መሣሪያው ከመብራቱ ቀድሞ ገጠር ገብቷል።

ጽጽቃ ላይ ይህ እውነት ይብሳል። የዝቋላ ወረዳ ቆላ ቁልቁል ወደ ተከዜ ይወርዳል። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ በ2002 ሥራ ሲጀምር 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅም ወደ ዋግ ኽምራ ቆላዎች ዘልቆ ገብቷል። ሆኖም በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ብዙ መንደሮች ማታ የሚበራው ኩራዝ ወይም ትንሽ ሶላር ነው። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ሲደርስ ደግሞ በመስመር ይመጣ የነበረው መብራትና የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣሪያው ላይ አንዲት ፓነል ያለው ቤት ለጎረቤቱ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለዋግ ሰው ማስረዳት አይገባም። መንግሥት በ2011 ባሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብርም ከሕዝቡ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአብዛኛውም በሶላር መብራት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር።

አሁን ወደ ቦርሳው እንግባ። ኃይል ለመንገደኛ ስንቅ ነው፤ ለስንት ቀን ስንት እንደሚበቃ ሳይሰላ አይቋጠርም። መለኪያው ደግሞ ሻጮች የሚያወሩት «ሚሊ አምፒር» ብቻ ሳይሆን ዋት ሰዓት ቢሆን ይሻላል። 5,000 ሚሊ አምፒር ባትሪ ያለው የዛሬ ስማርት ስልክ አንዴ ሲሞላ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ከ4 ዋት ሰዓት ባነሰ ኃይል ብዙ ቀን ትቆያለች። የግንባር መብራት በማታ አንድ ወይም ሁለት ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የካሜራ ባትሪ 8 ወይም 9 ዋት ሰዓት ነው፤ ቆጥቦ ለሚያነሳ ሰው ሁለት ቀን ያገለግላል። ስልኩን ለካርታና ለፎቶ ብቻ የሚጠቀም መንገደኛ እንግዲህ በቀን የሚያስፈልገው በድምሩ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

20,000 ሚሊ አምፒር የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሁሉንም ግን አይሰጥም። የውስጡ ባትሪ 3.7 ቮልት ሲሆን በዩኤስቢ የሚወጣው 5 ቮልት ነው፤ በልወጣው፣ በኬብሉና በስልኩ ሙቀት ሲሶው ያህል ይባክናል። የሚደርሰው 50 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ሙሉ ሆኖ ከሚነሳው ስልክ 19 ዋት ሰዓት ጋር ሲደምሩት ወደ 70 ይጠጋል፤ በቀን 15 ለሚፈልግ ሰው ለአራት ቀን ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ክብደቱ 400 ግራም ቢደርስ ነው። አንድ ባለ 28 ዋት ታጣፊ ፓነል ግን ብቻውን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከፓወር ባንክም ነፃ አያወጣም።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የማይነገር ነገር እዚህ መነገር አለበት። ለሦስትና ለአራት ቀን ጉዞ ሶላር ፓነል አያስፈልግም። ሰቆጣ ላይ መብራት ሲኖር ሞልቶ መነሳት ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አያስጨንቅም። ፓነል ዋጋው የሚታየው ጉዞው ሳምንት ሲጠጋ፣ ወይም አምስትና ስድስት ሰው አብሮ ሲሄድ፣ ወይም መነሻው ከተማ ራሱ መብራት ሲያጣ ነው። የሙያ ሥራ ይዞ ቆላ ለሚሰነብት ሰው፣ ለመንገድ መሪ፣ ለቀበሌ ባለሙያ ደግሞ የግድ ነው።

ፓነል የሚይዝ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ቦርሳው ጀርባ ላይ አንጠልጥሎ እየሄደ የሚሞላ መስሎት ነው። በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ያምራል። በዋግ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ተጓዡ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ፓነሉ ቆሞ ስለተንጠለጠለ ከአናት የሚመጣውን ብርሃን በገደምዳሜ ብቻ ያገኛል፤ የራሱ የተጓዡ ትከሻ፣ ባርኔጣና የግራር ቅርንጫፍ ሁሉ ያጠሉበታል። የፓነሉ ሕዋሶች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው ደግሞ የአንዲት ሕዋስ መጋረድ የመላውን ፓነል ኃይል ሊጥል ይችላል። መዳፍ የምታህል ጥላ ከምታስቡት በላይ ትጎዳለች። 28 ዋት የተባለው ፓነል በጀርባ ላይ ሆኖ ጥቂት ዋት ብቻ ቢሰጥ አይገርምም።

እንግዲህ ሶላር የሚሠራው ሰው ሲቆም ነው። እዚህ ላይ የዋግ መንገደኛ ከውጭ ከሚመጣው ተጓዥ ይቀድማል። የተከዜን ቆላ የሚያውቅ ሰው ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት አንስቶ ፀሐይዋ ስትበረታ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል ጥላ ያርፋል፣ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ አህያውን ያራግፋል፤ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ያ የእረፍት ሰዓት ፓነል በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያመነጭበት ሰዓት ነው። ሰውየው ጥላ ሥር፣ ፓነሉ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ፀሐይ ላይ። በደንብ የተዘረጋ ባለ 28 ዋት ፓነል በጠራ ሰማይ 12 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ቢሰጥ፣ በሁለት ሰዓት 24 ዋት ሰዓት ወደ ፓወር ባንኩ ይገባል፤ ከብክነቱ በኋላ ለስልክ የሚተርፈው 16 ገደማ ነው። የአንድ ቀን ፍጆታ ማለት ነው። የአካባቢው ሰው በሙቀት ምክንያት ከትውልድ ትውልድ ሲያርፍበት የኖረው ጊዜ የኤሌክትሮኒክሱን ዕለታዊ ፍላጎት ልክ ይሸፍናል።

አዘረጋጉ ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው የበጋ ጊዜ ፓነሉ ድንጋይ ተደግፎ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ይመረጣል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ግን መሬት ላይ አግድም ቢዘረጋ ይበቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፀሐይዋ ማዞር ጥሩ ነው። በጉዞ ላይ ለመሙላት የግድ የሚል ሰው ካለ የራሱን ጀርባ ትቶ የበቅሎውን ጭነት ይጠቀም፤ ጭነቱ ላይ አግድም የታሰረ ፓነል በተለይ በሚያዝያ ከሰው ጀርባው በብዙ ይሻላል። ኬብሉን ግን ከፍየሎች ማራቅ ያስፈልጋል። በአበርገሌ ፍየል በሚታወቅ ሀገር ላይ ሜዳ ላይ የተተወ ገመድ ብዙ አይቆይም።

ሌላው ጥንቃቄ ስልኩን በቀጥታ ከፓነሉ ጋር አለማያያዝ ነው። ደመና ሲያልፍ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሲገለጥ ይወጣል፤ ብዙ ስልኮች በዚህ መቆራረጥ ቻርጅ ማድረግ ያቆማሉ፣ ወይም በዝግታው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ቀን ፓወር ባንኩ ይሞላ፤ ማታ ስልኩ ከፓወር ባንኩ ይሙላ። ይህ ልማድ ስልኩን ከሙቀትም ያድነዋል። የቆላ ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስይዝ ይሆናል። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን መሙላት አይገባውም፤ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። ፓወር ባንኩም ከፓነሉ ሥር ባለው ጥላ ወይም ከድንጋይ ሥር ይቀመጥ። ፓነሉ ራሱ ሙቀት አይወድም፤ ሕዋሱ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 65 ዲግሪ በደረሰ ፓነል ላይ ኪሳራው 16 በመቶ ነው። በደጋው በተመሳሳይ ሰዓት የተዘረጋ ፓነል ከቆላው በልጦ ቢገኝ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ከፍታው ደግሞ ጨረሩን የሚያበረታ።

ደጋው የራሱ ፈተና አለው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በሳንካበር፣ ከ3,600 ሜትር በማያንሱት በግጭና በጨነቅ የሚያድር ተጓዥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያገኘዋል። ቅዝቃዜ የባትሪውን ኃይል ለጊዜው ይደብቃል፤ ማታ 40 በመቶ ያሳየ ስልክ ንጋት ላይ ሊጠፋ ይችላል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይመለሳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች የሊቲየም ባትሪን መሙላት ግን በውስጡ የሊቲየም ብረት እንዲጋገር ያደርጋል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩም ፓወር ባንኩም ከጋቢ ሥር፣ ከሰውነት አጠገብ ይደሩ፤ ፓነሉም ፀሐይ ወጥታ ዕቃው ሲሞቅ ይያያዝ።

ኃይል ከማምረት ይልቅ መቆጠብ ይቀላል፤ በቆጣቢነት ደግሞ ከሁሉ የሚልቀው አንድ ቁልፍ መንካት ነው። በተከዜ ሸለቆ ኔትወርክ የለም፤ ካለም ይመጣል ይሄዳል። ስልኩ ምሰሶ ፍለጋ ሙሉ ኃይሉን እያወጣ ይጮኻል፤ ኪስ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳይነካው ከቀትር በኋላ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የበረራ ሁኔታ ላይ ቢደረግ ኖሮ ሦስት ቀን ይቆይ ነበር። አቅጣጫ የሚያሳየው ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል እንጂ ስለማይልክ ኔትወርክ ሳይኖር ይሠራል። ኦርጋኒክ ማፕስን ወይም ኦኤስኤምአንድን የመሰለ መተግበሪያ ላይ የአካባቢውን ካርታ ሰቆጣ ላይ ሳሉ አውርዶ መነሳት ነው። መደወል ሲያስፈልግ እረኞቹ ኔትወርክ ያለበትን ጉብታ ያውቁታል፤ እዚያ ወጥቶ፣ ከፍቶ፣ ተናግሮ መዝጋት ነው። አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ሞልቶና አጥፍቶ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ለክፉ ቀን ነው። እግሩ የተሰበረ ጓደኛ ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ፎቶ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አንድ ጥሪ ነው። በሳተላይት የሚሠራ ስልክና ድሮን ግን በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚያዙ ዕቃዎች አይደሉም። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ከጉምሩክ ችግር ያድነዋል።

ስለ ግዢ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በየገበያው 50,000 ሚሊ አምፒር የሚል ጽሑፍ የለጠፉ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዙ ፓወር ባንኮች ይሸጣሉ። ውሸቱን የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለችው ክብ የሊቲየም ባትሪ አንዷ ከ45 ግራም በላይ ትመዝናለች፤ ምርጥ የምትባለው እንኳ ከ3,500 ሚሊ አምፒር ብዙ አትዘልም። ስለዚህ እውነተኛ 20,000 ሚሊ አምፒር ቢያንስ ስድስት ባትሪ ይፈልጋል፤ ክብደቱም ከ300 ግራም ብዙ አያንስም። ባለ ሱቁን ሚዛን ለምኖ መመዘን አያሳፍርም። ጀርባው ላይ ትንሽ ሶላር የተለጠፈበት ፓወር ባንክም ያሳስታል። መዳፍ የምታህለው ሶላር በጠራ ፀሐይ አንድ ዋት ተኩል ያህል ትሰጣለች፤ 74 ዋት ሰዓት ለመሙላት 50 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ያስፈልጋታል። ከሳምንት በላይ ማለት ነው፤ ባትሪውም ከእሷ ጋር ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ይሰነብታል። ስለ ታጣፊ ፓነልም ልኩ ግልጽ ነው። ጥሩ ሕዋስ ከብርሃኑ 20 በመቶ ያህሉን ቢለውጥ፣ የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ስፋት ያለው ፓነል ከ12 ዋት ብዙ ሊያልፍ አይችልም። 60 ዋት ነኝ ካለ ዋሽቷል። በአውሮፕላን ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር የሚሄድ ደግሞ ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይሳፈርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ታብሌትና ሶላር አንድ ላይ ከተሞከሩባቸው ታሪኮች በዓለም ብዙ የተወራለት የወንጪና የወለንጪቲ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው የሁለቱ አካባቢዎች ሕፃናት 40 ያህል ታብሌቶች ከሶላር ቻርጀር ጋር ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም። ልጆቹ በራሳቸው ከፍተው ተማሩባቸው፤ በወራት ውስጥም የተዘጋውን የካሜራ ቅንብር ሳይቀር ከፈቱ። ታሪኩ ሲነገር ልጆቹ እንደሚገባቸው ይደነቃሉ። የሚረሳው ግን አዋቂዎች ሶላሩን መጠቀም ሠልጥነው እንደነበር ነው። ያ ባይሆን የልጆቹ ብልሃት ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ በቆየ ነበር።

ከዚህ ይልቅ ለዋግ የሚቀርበው የሰሜን ሸዋዋ የሬማ ታሪክ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን በዚያች የገጠር መንደር ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ላይ አነስተኛ ሶላር አስተከለ። ከመትከሉ ጋር የሶላር ቴክኒሽያኖች ማሠልጠኛ እዚያው ተከፈተ፤ ነዋሪውም ለጥገና የሚሆን ወርሃዊ ክፍያ ያዋጣ ነበር። ብዙ የርዳታ ፓነሎች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የዶሮ መቆሚያ የሚሆኑት አንዲት ፊውዝ ወይም አንድ ባትሪ የሚቀይር ሰውና ገንዘብ ሲታጣ ነው።

ላስታና መቄትም ከዋግ ብዙ አይርቁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቄት ደጋ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጓዡን በእግር ከመንደር መንደር እየወሰደ፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ጎጆ ያሳድረዋል። መብራት በሌለው ደጋ ላይ እንግዳ መቀበል እንደሚቻል፣ ገቢውም ለመንደሩ እንደሚሆን ታይቷል። በዋግ ይህን የሚስብ ሀብት አለ። ከሰቆጣ ብዙ የማይርቀው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈበት ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ተከዜና ሐይቁ አለ፤ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው ሻደይ አለ። ለሻደይ የሚመጣ እንግዳ ግን በሶላር እንዳይተማመን በግልጽ መነገር አለበት። በነሐሴ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ብትቆምም ደመናው አብዛኛውን ይወስደዋል፤ ከተማ ላይ የሞላ ፓወር ባንክ ይዞ መውጣት ብቻ ነው ዋስትናው።

እንግዳ ወደ መንደር ሲገባ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። አንድ የቆላ ቤት ጣሪያ ላይ ያለች ፓነል ሁለት አምፖልና አንድ ስልክ ለመሙላት የተመጠነች ናት። ሦስት ቱሪስቶች ስማርት ስልካቸውንና ካሜራቸውን ቢሰኩባት ያንን ማታ ልጆቹ በጨለማ ያጠናሉ። ቤቱ በኢትዮጵያዊ ደግነት «ይሰኩ እንጂ!» ይል ይሆናል፤ እንቢ ማለት ነውር ነውና። ጥንቃቄው እንግዲህ የእንግዳው ግዴታ ነው። እንዲያውም ተጓዡ የራሱን ፓነል ቀትር ላይ ሲዘረጋ ጎረቤት ባለ ቀጭን ፒኑን ስልክ ይዞ ይመጣል። ባለ ሁለት መውጫ ፓነልና አንድ ቀጭን ፒን ኬብል መያዝ ክብደቱ ኢምንት ነው። አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ የምትፈልገው ኃይል ፓነሉ በግማሽ ሰዓት ፀሐይ የሚያመነጨውን ያህል ነው። ለባለቤቱ ግን በገበያ ቀን ተጉዞ፣ ከፍሎ የሚያስሞላትን ያድነዋል።

በሰቆጣና በጽጽቃ መካከል፣ በላሊበላው የምዕመናን መንገድ ላይም፣ ተጓዥ በቀትር የሚያርፍባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። በነዚህ ቦታዎች በአንዱ ላይ አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል ቢተከል በበጋ ቀን ከብክነት በኋላ 400 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ከ15 በላይ ስማርት ስልኮችን ወይም በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለ ቁልፍ ስልኮችን ይሞላል። ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ልደት ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱም ሞልቶ የሚገኝበት ጊዜ ስለሆነ ለሙከራ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም። የሚያስፈልገው ከፓነሉ ጋር ጥሩ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ የሚቆለፍ ሳጥን፣ የገቢ መዝገብ፣ ፊውዝ መቀየር የሚችል አንድ ወጣት ነው። ቴክኒኩን በሰቆጣ ያሉ የሙያ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ቦታውንና የሚጠብቀውን ሰው ቀበሌው ይመርጣል፤ አስጎብኚዎች ደግሞ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ የትኛው ማረፊያ ሶኬት እንዳለው፣ የትኛው ጉብታ ኔትወርክ እንደሚይዝ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለመንገደኛው ይስጡ። የመጀመሪያውን ማረፊያ ለመምረጥ የመስቀል ሰሞን፣ ዝናቡ ወጥቶ ዱካው ሲደርቅ፣ መንገዱን በእግር ሄዶ ማየት በቂ ነው።